ከፍሬሙ ጀርባ ያለው ላስቲክ

አቃቂ፣ ድሮ የድንጋይ መጋዘን በነበረው የሥዕል አዳራሽ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው ጋሽ ግርማ መዶሻ አቀበሉኝ።

"ዩኒቨርሲቲ ሚስማር መምታት ያስተምራል?"

መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ውጭ ፀሐይ ነው፤ ድንጋዩ ግን ቀዝቃዛ።

"ምን ታዳምጫለሽ?"

"ቅዝቃዜውን" አልኩ። የሰሙኝ አይመስለኝም።

ቅዝቃዜው ችግር የሚሆነው በክረምት ነው። አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ድንጋዩን ሲነካ ውኃ ይሆናል። ፍሬሙ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ሸራው ይሻግታል። ስለዚህ ከየፍሬሙ ጀርባ፣ በታችኞቹ ማዕዘኖች፣ የቡሽ ቁራጭ አጣብቄ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እተዋለሁ።

አንዱን ሥዕል ግን እንዳልነካ ተከለከልኩ። ያዋሱን እማማ ዘይነባ ናቸው። ሟች ባለቤታቸው ሥዕል የሚሥሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከእጃቸው ሥራ የቀረው ይህ የወሎ መንደራቸው ሥዕል ብቻ ነው። እማማ ጀርባውን በላስቲክ ሸፍነው፣ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው አመጡት።

"ላስቲኩን እንዳትነኪብኝ። የቤቴ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው የኖረልኝ።"

ሐምሌ ላይ በሸራው ታችኛው ጠርዝ ግራጫ ነጠብጣብ አየሁ። ለጋሽ ግርማ ነገርኳቸው።

"አደራ ነው፤ ያለ እሳቸው ፈቃድ አይከፈትም" አሉ።

ልክ ነበሩ። በስልክ ማስረዳት ስለሚከብደኝ ኮዬ ፈጬ፣ እማማ ዘይነባ ቤት ድረስ ሄድኩ። በሩ ሲከፈት በሚኒባሱ ውስጥ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

"እማማ፣ ሥዕሉ እየሻገተ ነው።"

"እናንተ ጋ መጥቶ ነዋ!"

"አዎ፣ ግድግዳችን ቀዝቃዛ ነው። ላስቲኩ ደግሞ ውኃውን አፍኖ ይይዘዋል። አሁን ከከፈትነው ይድናል፤ ክረምቱን እንዲህ ከቆየ ግን አይተርፍም።"

አስገብተውኝ ሶፋ ላይ ተቀመጡ። የተቀመጡበት ሶፋም ላስቲኩ አልወለቀም፤ በመዳፋቸው ዳበሱት።

"ይኼንንም ልትገፍፊልኝ ነው?"

"ሶፋው ደህና ነው።"

ሳቁና ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሱ።

አዳራሹ እንደደረስን ፕላስተሩን ራሳቸው ላጡት። ላስቲኩ በውስጥ በኩል ውኃ አቁሯል፤ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ።

"አልቦታል እኮ፣ የኔ ጌታ" አሉ፣ የታመመ ሰው እንደሚያስታምሙ።

ሥዕሉን አስተኝቼ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ተውኩት። ሻጋታውን በለስላሳ ብሩሽ አነሳሁ። ጥግ ላይ ያለው የሣር ክምር ፈዞ ቀረ፤ መንደሩ ተረፈ። ቡሽ አድርጌለት ዝናብ በማይመታው የውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

እማማ ዘይነባ አሁንም ሲመጡ ሥዕሉን ከማየታቸው በፊት ጣታቸውን ከጀርባው ያስገባሉ።

ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ለምትሰቅሉት ሥዕል ከጀርባው አየር ተዉለት። ባለቤቱንም ክረምት ሳይገባ አነጋግሩ።