ሁምቦ ቁልቁለት ላይ የቆምንለት ለቅሶ

ልጆችን ብስክሌት ሳስተምር እጮሃለሁ። የስፖርት አስተማሪ ነኝ፤ ጉሮሮዬ የተሠራው ለዚያ ነው። «ጥግሽን ያዢ! ፍሬኑን አትልቀቂው!» ስል ሶዶ ገበያ ድረስ ይሰማል እያሉ ባልደረቦቼ ያሾፉብኝ ነበር። ያሹፉ! መኪና እንደሆነ አይምርም።

ባጃጅ ከተማችንን ከመውረሩ በፊት፣ ወደ ሁምቦ የሚወርደው መንገድ አዲስ አስፋልት በለበሰ ሰሞን፣ ከሩቅ ለሚመጡ ተማሪዎቻችን ብስክሌት ተለገሰ። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ይዘውት ከመሄዳቸው በፊት ግን ከእኔ ጋር ቁልቁለቱን ወርደው መፈተን ነበረባቸው። ከእነሱ መሀል አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ቤታቸው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። በእግሯ ቤት ስትደርስ እየመሸ፣ ውሃ የሚቀዳ እየጠፋ፣ እናቷ ከትምህርት ልታስቀራት ምንም አልቀራትም ነበር። ብስክሌት ይሰጣታል ሲባል ደግሞ እናትየዋ ይብሱን ፈራች። «እህቴ፣ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» አለችኝ በወላይትኛ። «አደራ ብያለሁ።» አደራ መባል አልወድም፤ ያስጨንቀኛል። ግን እሺ አልኩ።

ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ በየትኛውም የትራፊክ መጽሐፍ የለም። እኛ አገር አስከሬን ሲያልፍ ከበቅሎም ከብስክሌትም ይወረዳል፤ ከመንገዱ ተወጥቶ፣ አንገት ተደፍቶ፣ የመጨረሻው ለቀስተኛ እስኪያልፍ ይቆማል። በለቅሶ ላይ ደወል የደወለ ልጅ ቤተሰቡን ያሰድባል። ስለዚህ ደጋግሜ አለማመድኳቸው፤ ከፊት ያለው እጁን ያነሳል፣ ሁሉም ወርዶ ሣሩ ላይ ይቆማል። ከዚያ ውጪ ያለ ፊሽካዬ ማንም አይወርድም።

የፈተናው ጠዋት ከዳሞታ ተራራ ጉም ወረደብን። ስንነሳ ስስ ነበር፤ ቁልቁለቱ መሀል ስንደርስ ዋጠን። ልጅቷ ጎበዝ ስለሆነች ከፊት አድርጌያታለሁ፤ እኔ ከሁሉም ኋላ ነኝ። ከመንገዱ ዳር ያለው እንሰት እንኳ ጠፋ። ወፍ የለ፣ ሰው የለ፤ የሚሰማኝ የራሴ ብስክሌት ሰንሰለት ብቻ ነው። ልመልሳቸው አሰብኩና በዚህ ጉም መንገድ ላይ መዞሩ ይብሳል ብዬ ተውኩት።

ድንገት ከፊቴ ያለው ልጅ ወረደ። ቀና ብል ሁሉም ወርደዋል። ከአስፋልቱ ወጥተው ሣሩ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

እንደ እብድ ጮህኩ። «ማነው ያስወረዳችሁ?» ወደ ፊት አመለከቱኝ። ብስክሌቴን ሣሩ ላይ ወርውሬ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ልጅቷ ዘንድ ደረስኩ። እጇ እንደተነሳ ነው።

«ጆሮሽ አይሰማም? ፊሽካ ነፋሁ?»

«ቲቸር፣ ለቅሶ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እያለፈ ነው።»

መንገዱን አየሁ። እርጥብ አስፋልትና ጉም እንጂ ምንም የለም። ኮቴ የለ፣ ዋይታ የለ። እኛ አገር ደግሞ ለቅሶ ጸጥ ብሎ አያልፍም፤ ማዶ መንደር ድረስ ይሰማል። ልጅቷ የምትቀልድብኝ መሰለኝና ደሜ ፈላ። ኮርቻ ላይ ውጡ ልላቸው ፊሽካዬን ከንፈሬ ላይ አደረግኩ።

አልነፋሁትም። ከኋላችን ነፋስ መጣ። የጭነት መኪና ነው፤ ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ይንሸራተታል፣ መብራት አላበራም፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዟል። ልጆቹ ሲነዱበት በነበረው መስመር፣ የቱታዬን እጅጌ እያርገበገበ አለፈ። ነዳጅ ለመቆጠብ እንዲያ የሚወርዱ ሾፌሮች ነበሩ። ጉሙ መልሶ ዋጠው።

«ኢየሱስ! ኢየሱስ!» እያልኩ የሁሉንም ጭንቅላት እየዞርኩ ዳበስኩ። ማንም አልተነካም። እኔ ቁጡዋ ሴትዮ እዚያው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

ልጅቷ ግን መኪናውን ያየችውም አልመሰለኝ። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። ቆይታ እጇን አወረደች።

«አለፉ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማንም ኮርቻ ላይ አልወጣም፤ በእግራችን ወረድን። ከጉሙ ስንወጣ ሣር የምታጭድ ሴት አገኘንና በአካባቢው የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቅኳት። «ኧረ ማንም አልሞተ! በጠዋቱ ምን ክፉ ታወሪያለሽ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ልጅቷ ከጎኔ ናት። ብስክሌቱ ይወላገድባታል። አንጀቴን በላችው።

«አምጪው፣ እኔ ልግፋልሽ» ብዬ እጄን ወደ መሪው ሰደድኩ።

ብስክሌቱን ወደ ራሷ ሳበችው። «አይያዙት ቲቸር! በኢየሱስ ስም አይያዙት!»

«ምን ሆነሽ ነው?»

እንባዋ መጣ። «እዚያ ለቅሶው ላይም የያዙት እርስዎ ነበሩ። ከቃሬዛው ኋላ፣ ከእናቴ ጋር። እያለቀሱ ይቺን ሳይክል ይገፉ ነበር።»

እጆቼን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። እናቷ ደጅ እስክንደርስ ራሷ ገፋችው።