በትልቁ ጻፊው

ባለፈው ሳምንት የንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ፣ መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ቅጹን ገፋ አደረገልኝና «ሁሉንም በካፒታል ሙላው፣ አጎቴ» አለኝ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ በትሕትና ነው የተናገረው። እኔ ግን ደሜ ፈላ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆሜ ስቀር መጻፍ የማልችል መስሎት «ላግዝህ?» አለኝ። መጻፍስ እችላለሁ። ንዴቱ ነው ያስቸገረኝ።

ጁባ ገና የአዲስ አገር ዋና ከተማ ልትሆን ስትዳዳ፣ እኔ ሃይ ማላካል በሚባለው ሰፈር ወረቀትና የፕሪንተር ቀለም የምሸጥ ጎረምሳ ነበርኩ። ሱቄ የጋሽ ደምሴ ኮንቴይነር ግማሽ ነው። በሌላው ግማሽ እሱ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንዲት ታይፒስት ነበሩት። ታይፒስቷ ማርታ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፤ በቀሩት ቀናት ለማንም መልስ አታጣም። በማንጎ ወራት ያ ኮንቴይነር እንደ ድስት ይፈላል። ውጭ መንገዱ ላይ የወደቀው ማንጎ ይሸታል፣ ውስጥ የጄኔሬተሩ ጭስ አለ፤ ደንበኛ መርጦ ይተነፍሳል።

ጋሽ ደምሴ አንድ የማይሻር ትእዛዝ ነበረው፦ «በትልቁ ጻፊው!» የመጣው ሥራ ሁሉ፣ ማመልከቻ ይሁን የሠርግ ጥሪ፣ በካፒታል ይጻፋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ንጉሥም ቢጻፍበት ፍየልም ቢጻፍበት ቁመቱ አይለወጥም። ስለዚህ የፈረንጁ ትልቅ ፊደል ለእኛ የክት ልብስ መስሎን ነበር። ማርታ ካፕስ ሎኩን የተጫነችው ሱቁ የተከፈተ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ያቺ የኪቦርዱ አረንጓዴ መብራት የጠፋችው ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ብቻ ነበር። ደንበኛውም ወደደው። አንድ ፓስተር ሌላ ቤት ያስጻፈውን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ «ይሄ ያንሾካሹካል፤ እናንተ እንደምትጽፉት አድርጉልኝ» ብሎናል።

አንድ አርብ፣ ከምሳ በኋላ፣ መምህር ጋትኮት ከአንዲት ሴት ጋር ገባ። ጋትኮት በስደት ኢትዮጵያ ያደገ ኑዌር ነው፤ ጀበል ሰፈር ውስጥ ለሴቶች የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ከፍቷል። የተመራቂዎቹን ሰርተፊኬት እኛ ነበርን የሠራንለት። አብራው የመጣችው ኛማል ከተመራቂዎቹ አንዷ ናት። የያዘችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ጋሽ ደምሴ።

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ» አለ ጋትኮት። ሲናደድ እንኳ እርስዎ ማለቱን አይተውም፤ በደንብ ነው ያስተማሩት። «አናቱን ያንብቡት።»

አነበብነው። «ሰርተፊኬት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከሁሉ የገዘፈው፣ ባለወርቃማ ቀለሙ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋውጠዋል። ንያኩሮን አዳራሽ ውስጥ በእልልታ ሲታደል ማንም አላየውም ነበር። ኛማል የሥራ ልብስ የሚሰፋበት አንድ መሥሪያ ቤት ልትቀጠር ስትሄድ ግን ጸሐፊው አየው። «የራሱን ወረቀት ስም መጻፍ የማይችል ትምህርት ቤት የለም፤ ይሄን ገበያ ነው ያሠራሽው» ብሎ ሰረዘባት። ምዝገባው የሚዘጋው የዚያኑ ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ኛማል በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ሌባ አይደለም» አለች።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው ግልጽ ነው፤ አስተካክሎ ማተምና አብሮ ሄዶ መመስከር። ጋሽ ደምሴ ግን መጀመሪያ ጥፋተኛ ፈለገ።

«ማርታ! ስፔል ቼክ አድርጊ አላልኩሽም?»

«አድርጌያለሁ ጋሼ!»

«ብታደርጊማ ይሄ ያመልጥ ነበር? ተነሺ! ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ!»

«አልወጣም። ይምጡና ይዩ!» ፋይሉን ከፈተችና እያየነው ስፔል ቼኩን አስጀመረችው። ማሽኑ ሳያንገራግር ፍተሻው ተጠናቋል አለን። የተበላሸው ቃል እዚያው አናቱ ላይ ተኮፍሷል፤ ከሥሩ ቀይ መስመር የለ፣ ምን የለ።

«ቫይረስ ነው» አለ ጋሽ ደምሴ። ያኔ ወባ ካልሆነ ሁሉም ነገር ቫይረስ ነበር። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ የሃይ ማላካል የኮምፒውተር ጥበብ እዚያ ላይ ያበቃል። ያው ነው። ቋንቋው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ አየሁ፤ እንግሊዝኛ ነው። ማርታ የተበላሸውን ቃል ሳታውቅ ትክክል ነው ብላ መዝግባለት እንዳይሆን እሱንም ፈተሽን፤ መዝገቡ ባዶ ነው። ሰዓቱ ይሄዳል። ኛማል በሩ ላይ ቆማ ፀሐይዋን ታያለች። ጋሽ ደምሴ በየመሃሉ «ይቺ ናት፣ ይቺ ናት» ይላል። አንገቱን ይዤ ጄኔሬተሩ ላይ ባስቀምጠው ደስ ባለኝ።

ጋትኮት መታገሥ አቃተው። ኪቦርዱን ወደ ራሱ ጎተተና አረንጓዴዋን መብራት አያት። «ይሄ ደግሞ ለምን ሁልጊዜ ይጮሃል?» ብሎ አጠፋት። ከዚያ ለጋሽ ደምሴ ያዘጋጀውን ቃል ጻፈ፦ ሃራሚ። በጁባ ዓረብኛ ሌባ ማለት ነው። ከሥሩ ወዲያው ቀይ መስመር ተሰመረ።

«እንዴ!» አለች ማርታ። «ይሠራል!»

ኪቦርዱን ነጠቀችውና የተበላሸውን ቃል በትንንሽ ፊደል ጻፈችው። ቀይ። መብራቷን አበራችና ያንኑ ቃል በካፒታል ጻፈችው። ንጹሕ። እንደገና ሃራሚን በካፒታል ጻፈች። እሱም ንጹሕ። ምርጫዎቹን ከፍተን አንድ በአንድ ስናይ አገኘነው። በካፒታል የተጻፉ ቃላትን እለፍ የሚል መስመር ላይ ራይት ምልክት ተደርጎበታል። ማንም አልነካውም፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ጀምሮ እንዲያ ነው። ማሽኑ ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ ከእኛ አንዲት ቃል እንኳ አልፈተሸም ማለት ነው። ሁሉንም እያለፈ፣ በየጊዜው ተጠናቋል ሲለን ኖሯል።

ማርታ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረች። «በትልቁ ጻፊው ያለኝ ማነው?»

«ታዲያ ዓይን የለሽም?»

«እርስዎም ነበረዎት እኮ! ሥራውን አስረክበው ፊርማ ሲቀበሉ፣ እጅ ሲጨብጡ፣ የት ትቶዎት ሄዶ ነበር?»

አስተካክለን አተምነው። ወረቀቱን ከእኔ መደርደሪያ ነው ያወጣሁት። ጋትኮት ቦዳቦዳዎቹን፣ ባለሞተር ታክሲዎቹን፣ ጠራና «ጋሼ፣ አሁን አብረው ይምጡ። ስህተቱ የሱቃችን ነው ይበሉ፤ የሱቁን ማኅተም ይዘው» አለው።

ጋሽ ደምሴ ፎጣ አንሥቶ አንገቱን ጠረገ። «ማሌሽ፣ ይቅርታ ወንድሜ። እዚያ ቢሮ የሚያሠሩኝ ሥራ አለ። ስሜ ይጠፋል።»

ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። በዓይኔ አይቻለሁ።

ሄድን፤ ኛማልና ጋትኮት በአንዱ ቦዳቦዳ፣ ማርታና እኔ በሌላው፣ በዚያ ቀይ አቧራ ውስጥ። ጊዜው ሳያልፍ ደረስን። ማርታ ጸሐፊው ፊት ቆማ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእሷ ጥፋት አይደለም» አለች። ጸሐፊው አዲሱን ሰርተፊኬት ገለባበጠው። «ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ! ፈጣን ማተሚያ ቤት አላችሁ» አለና ሳቀ። «ባለቤቱ የታለ?» ባለቤቱ ማኅተሙን ቆልፎ ሱቁ ተቀምጧል። ጸሐፊው «ካላስ፣ አለቀ» አለና መስኮቱን ዘጋ።

ኛማል በኋላ ጀበል ገበያ በራሷ የስፌት መኪና መሥራት ጀመረች። ይሄን ለሰው ስነግር «እንዲያውም በጀ!» ይሉኛል። ምን በጀ? ያንን ሥራ የፈለገችው እሷ ናት፤ ይገባት ነበር፤ ተከለከለች። የሰው ልፋት ሌላ ቦታ ስለተሳካለት የተሠራበት ግፍ ስጦታ ይሆናል? ማርታም ያን ቀን ቦርሳዋን ይዛ ወጣች፤ ማንም ሳያባርራት።

ጋሽ ደምሴ አርጅቷል፤ በየበዓሉ ይደውልልኛል፣ እኔም አነሣለሁ። ስለዚያ አርብ አንሥቶ አያውቅም። ማሽኑን ከተቀየምኩት ቆይቶ ነበር፤ አሁን ግን ትቼዋለሁ። እሱ እለፍ ተብሎ ነው ያለፈው። ጋሽ ደምሴን ማንም እለፍ አላለውም።