ግማሽ ስንዝር ከድሮዋ በታች

ልብስ ሰፊው ጨርቅ ላይ አይታማም። ቀሚስ ይጥበብ ከተባለ በደንበኛዋ ገላ ላይ ስፒል ይሰካል፣ የሚቀነሰውን በጠመኔ ይጽፋል፤ ደንበኛዋ ከስታ ተመልሳ ከመጣችም አዲሱን ቅናሽ ባለፈው ላይ ይደምራል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሠርቶ አንድ ቀሚስ አላበላሸም። ሚስቱ ግን የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ "ከዜሮ በታች ስትወርድ እኮ ትደነብራለህ" እያለች ትስቅበታለች። እሱም አፍ አያጣም።

"መቀነስን ሲቀንሱት ይጨምራል የምትይውን ለተማሪዎችሽ ንገሪ። እኔ ዘንድ የተቆረጠ ጨርቅ አይበቅልም።"

አሁን የሚያፌዝበት ሰው የለም። ሚስቱ ታማ፣ ሐኪም ቤቱ ይቀርባታል ተብሎ ታላቅ እህቷ ቤት ሰንብታለች። ስልክ የምታነሣው እህትየው ናት፤ እሷ ደግሞ ቃል የምትሰስት ሴት ናት። ባለፈው ወር "ወገቧ ሦስት አራተኛ ስንዝር ቀንሷል" አለችው። ዛሬ ጠዋት ደወለችና፣ "ወደ ቤት ትመለስ ተብሏል። ቀሚስ ስፋላት። ግማሽ ስንዝር ቀንሳለች" ብላ ዘጋችው።

ሰውየው ደመረ። ግማሽ ማለት ሁለት አራተኛ ነው፤ ከሦስቱ ጋር አምስት አራተኛ። አንድ ስንዝር ከሩብ! እንዲህ ያለቀች ሴት ወደ ቤት ስትላክ ትርጉሙ አልጠፋውም። አንድ ሐሙስ የቀራት መሰለው። ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግቶ ያችን ጠባብ ወገብ ሣለ፤ መቀሱ ግን አልሄድ አለው። መልሶ ደወለና ሚስቱን አቅርቡልኝ አለ።

"አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንድ ስንዝር ከሩብ ከሳሽ?"

"ማን አለ?"

"ሦስት አራተኛና ግማሽ። ደምሬዋለሁ።"

ያ የክፍል ድምፅዋ መጣ። "ድምሩስ ልክ ነው። ግማሹ የጎደለው ግን ከምን ላይ ነው?"

"ካለፈው ወር ላይ ነዋ።"

"አይደለም የኔ ጌታ። እህቴ ስትለካኝ ሁልጊዜ የምትነሣው ከቀበቶዬ የድሮ ቀዳዳ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ በታች ሦስት አራተኛ ነበርኩ፤ ዛሬ በግማሽ ነኝ። ከዛሬው ላይ ያለፈውን ቀንስ።"

"ከኔጋቲቭ ሁለት አራተኛ ላይ... ኔጋቲቭ ሦስት አራተኛ..."

ያ የሚጠላው ሕግ! ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዜሮ ጻፈ፤ ከሥሩ ግማሽ፣ ከዚያም በታች ሦስት አራተኛ። ጣቱን ከታችኛው ላይ አንሥቶ ወደ ዛሬዋ ግማሽ ወሰደ። ጣቱ አንድ ሩብ ተጓዘ፤ የተጓዘውም ወደ ላይ ነበር።

"ሩብ ጨምረሻል" አለ፣ በሹክሹክታ።

"ጨምሬያለሁ። ገና ከዜሮ በታች ነኝ እንጂ።"

ልብስ ሰፊው ሳያፍር እንደ ሕፃን አለቀሰ።

"ቀሚሱን በየትኛው ልክ ልቁረጠው ታዲያ?"

"በድሮው።"

"ይሰፋሻል እኮ።"

"እስክሞላው በቀበቶ አስረዋለሁ።"

የሣላትን ጠባብ ወገብ በእጅጌው ጠርጎ አጠፋት። የድሮ ልኳን ለማወቅ ሜትር አላስፈለገውም፤ በጠመኔ አሰመረና መቀሱን አነሣ።