ቀጂው መጨረሻ ይጠጣል

የያዙኝ ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ስወርድ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሸሚዝና አንድ እሽግ የተማሪዎች የቅስቀሳ ወረቀት ነበር። ሸሚዞቹን መለሱልኝ። ወረቀቱ "ሕዝብ ራሱን ያስተዳድር" ይላል፤ ያነበበው ፖሊስ፣ "ማን ከለከለው?" ብሎ ከልቡ ጠየቀኝ። መልስ ስጀምር ጓደኛው ክንዴን ጨብጦ ይዞኝ ሄደ።

የገባሁበት ክፍል ቆርቆሮ ጣራ ነው፤ ሠላሳ ሰው ታጭቆበታል። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም። መሐል ላይ አንድ በርሜል ውሃ አለ፤ ጠዋት ይሞላል፣ እስከ ማግስቱ ሌላ የለም። ነፋስ በሚገባበት በር አጠገብ ጉልበተኞቹ ተቀምጠዋል። ጥግ ላይ፣ ከሽንት ባልዲው ጎን፣ ወባ የጣለው የምድር ባቡር ኩሊ ተኝቷል። አዲስ ገቢ ስለሆንኩ እዚያው እሱ ጎን ጣሉኝ። "ቢሻን፣ ቢሻን" ይላል በኦሮምኛ፤ ውሃ ማለቱ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሌላው ጠጥቶ ተራው እሱ ጋ ሲደርስ በርሜሉ ባዶ ነው።

ያኔ የፖለቲካ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ምላሴ ጤፍ ይቆላል። ተነሥቼ ቆምኩና ስለ ፍትሕ፣ ስለ እኩልነት ለቀቅኩት! ካቦው፣ የእስረኞቹ አለቃ ማለት ነው፣ በኮንትሮባንድ የተያዘ ግዙፍ የሶማሌ ነጋዴ ነበር። "ዋሪያ! አቦ፣ ይሄ ልጅ ሬዲዮ ውጧል እንዴ?" አለና ሳቀ። እጃችንን አውጥተን እንወስን አልኩ። ሁሉም እጁን አወጣ፤ ለሰው ሁሉ እኩል አንዳንድ ጣሳ! በሕይወቴ ያየሁት የመጀመሪያው ምርጫ ነው፣ ያውም ያስመረጥኩት እኔ። ደስታ ሊያሰክረኝ ደረሰ።

በማግስቱ ገና ቀትር ሳይሆን በርሜሉ ደረቀ። ኩሊው አልጠጣም።

ሁሉም አንዳንድ ጣሳ ነው የጠጣው፤ ግን ጣሳው የየራሱ ነው፣ የአንዱ ጣሳ የሌላውን ሦስት ይውጣል። ይህ ለእኔ አልታየኝም ነበር። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሽማግሌ ሳቁብኝ። የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናቸው።

"ልጄ፣ ምርጫህ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በምን ይቀዳል? ከየት ይጀመራል? ቀጂው ማነው?"

"ጋሼ፣ እሱማ የጸሐፊ ሥራ ነው" አልኩ በንዴት። አንድ መምህራችን እንዲህ ነበር የሚለን፤ ፖለቲካ ይወስናል፣ አስተዳደር ይፈጽማል፣ ሁለቱ ትምህርቶች ለየቅል ናቸው። የሕዝብ አስተዳደር የሚማሩትን ጓደኞቻችንን "የማኅተም አሽከሮች" እያልን እናሾፍባቸው ነበር።

"እኔስ ጸሐፊ አይደለሁ?" አሉና ተነሡ። አንዲት የቲማቲም ጣሳ መረጡ። ሁሉም በእሷ ይጠጣል። ከባልዲው ጥግ፣ ከታመመው ተጀምሮ ወደ በሩ ይኬዳል። ቀጂው በየቀኑ ይለወጣል። "ደግሞም ቀጂው መጨረሻ ይጠጣል" አሉ፤ "ያን ጊዜ እጁን ይቆጥባል።"

በሩ አጠገብ ያሉት አጉረመረሙ። ካቦው፣ "ትናንት እጃችሁን አላወጣችሁም?" ሲላቸው ጣሳቸውን አስቀመጡ።

በማግስቱ የመጀመሪያዋን ጣሳ ኩሊው ጠጣ። ጉሮሮው ሲወጣ ሲወርድ እያየሁ ድንገት በራልኝ! ዘልዬ ተነሣሁ።

"ጋሼ! ከታመመው ይጀመር ብሎ ማን አዘዘዎት?"

"ማንም።"

"ታዲያ ይሄ ውሳኔ አይደለም? ፖለቲካ አይደለም?"

"ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ፖለቲካ ነክቼ አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን ታሰሩ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የድሆች ሰፈር የውሃ ቦኖ ተነቅሎ ወደ አንድ ባለሥልጣን ግቢ እንዲዞር ትእዛዝ መጣላቸው። አልተቃወሙም። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። በተጠየቁ ቁጥር፣ "በመታየት ላይ ነው" ይላሉ። ስምንት ወር ሙሉ በመታየት ላይ ነበር!

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። "ከእኛ ሁሉ የባሱ ፖለቲከኛ እርስዎ ነዎት!" እሳቸውም ቀስ ብለው ሳቁ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ቀኑን ሙሉ ስንከራከር ዋልን። "ያንተ ምርጫ ባይኖር ካቦው አይሰማኝም ነበር" ይላሉ። "የእርስዎ ጣሳ ባይኖር ምርጫዬ ወሬ ነበር" እላለሁ። ሁለት ዓመት የተማርኩት ሁሉ እዚያ ወለል ላይ ነፍስ ዘራ። እስረኛ መሆኔን ረሳሁት ብል ማን ያምነኛል?

በአራተኛው ቀን በርሜሉ እስከ ግማሽ ብቻ ተሞላ። ቀጂው ጋሼ ነበሩ። ከታመመው ጀምረው፣ ጣሳዋን በግማሽ እየቀዱ፣ ሁላችንንም አዳረሱን። ለራሳቸው ሲያጠልቁ ጣሳዋ የበርሜሉን ወለል ፋቀች። ትኩሳቱ ለቆት የተቀመጠው ኩሊ ቀና ብሎ አያቸው።

"ነገ እርስዎ መጀመሪያ ይጠጡ" አልኩ።

"ነገ ቀጂው ሌላ ነው። ተራዬ ሲደርስ እጠጣለሁ" አሉ። የአንገታቸውን ቁልፍ አስተካክለው፣ ባዶዋን ጣሳ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ የእኔን ስም ጠሩና ለቀቁኝ፤ ስወጣ እንደዚያው ነበሩ።

ወር ሳይሞላ ፈተና ተቀመጥኩ። ጥያቄው፣ ፖለቲካና አስተዳደር አንድ ትምህርት ናቸው ወይስ ሁለት የሚል ነው። ስለ በርሜሉ፣ ስለ ጣሳዋና ስለ ቀጂው ጻፍኩ። መምህሩ ዳር ላይ በቀይ፣ "ማስረጃ ጥቀስ" ብሎ መለሰልኝ።

ሁለቱንም ትምህርት ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያቺን የፈተና ወረቀት አልጣልኳትም፤ ባወጣኋት ቁጥር ያው ደስታና ያው ንዴት አብረው ይነሡብኛል። ጥቀስ ይለኛል! ማስረጃዬ፣ ጋሼ፣ እኮ ያኔ ገና አልተፈቱም ነበር።