ሁለቱን በር የሚያንኳኩት ሰው

ሁለቱ ፓርቲዎች ዓይንህን ላፈር ተባብለው በየክፍላቸው ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የበጀቱን ጉድለት በምን እንደሚሸፍኑት እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስማሙ የመንግሥት ሥራ ይቆማል። ኮሪደሩ ላይ የምትጠብቀው የበጀት ባለሙያ ግን ዓይኗን የጣለችው ወረቀት በሚያመላልሱት ሽማግሌ ተላላኪ ላይ ነው።

ኮታቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ ጫማቸው ግን ያበራል። ወረቀቱን ጽሑፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ይይዛሉ። ከማንኳኳታቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

"እነዚያስ እንዴት ናቸው?" ይላቸዋል የአንደኛው ክፍል ሊቀ መንበር።

"ደክሟቸዋል፣ ጌታዬ።"

ማዶ ገብተውም ያንኑ ይላሉ። በተመላለሱ ቁጥር ከበሮቹ ጀርባ ያለው ጩኸት እየረገበ መጣ።

"እውነት ደክሟቸዋል፣ አባባ?" አለቻቸው። "እኔ የምሰማው ጠረጴዛ ሲደበድቡ ነው።"

"ሌላው መዛሉን ካልሰማ ማን ይለቃል፣ ልጄ? ቀድሞ እጅ መዘርጋት ሞት ይመስላቸዋል። ቀድሞ የዘረጋ ምን ይጎድልበታል?"

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል በሮቹ ተከፈቱ። አንዱ ወገን ግብር ሊጨምር፣ ሌላው ድጎማ ሊቀንስ እሺ ብሏል። ሊቃነ መናብርቱ እየተገላመጡም ቢሆን ተጨባበጡ።

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፈው በረጅሙ ተነፈሱ። ያን ጊዜ ስልካቸው ጠራ።

"ስንቴ ልንገርሽ፣ እህቴ?" አሉ፤ ድምፃቸው ደረቀ። "አባቷ እኔ ነኝ። አምስት ዓመት አይደለም ሃምሳ ይሁን፣ እሷ ቀድማ ካልደወለች አልደውልም።"

ስልኩንም እንደ ወረቀቱ ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።