«ትቶታል» አልኩ

ይህን ለሚስቴም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ስንቱን ጥቃቅን ነገር ስናዘዝ ይህችን ግን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። አሁንም ለእናንተ ስጽፈው ልቤ ድንግጥ ይላል።

ቆቦ ውስጥ ከደረጀ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት፣ አንድ ክፍል እንሠራ ነበር። ደረጀ የሞጣ ልጅ ነው፤ ለሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ጎጆ የወጣ። አዲስ መዋቅር ሊመጣ ነው፣ ከክፍላችን አንድ ሰው ቦታ አጥቶ ይቀራል የሚል ወሬ ሲናፈስ እኛ ቁጭ ብለን አለቃ ስናማ እሱ ቀድሞ ሌላ እንጀራ ፈለገ። አቅራቢያችን ያለችው ጎብዬ ከተማ ሄዶ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሙያውን እንዲያስተምሩት ቃል ተቀበለ። ቆላው ሁሉ በፓምፕ ሽንኩርት ያለማል፤ ደህና ጠጋኝ ግን እንደልብ አይገኝም። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ከአንድ ሰው በላይ አያስተምሩም። ሚስቱ አራስ ስለነበረች ከልጁ ክርስትና በኋላ ሊጀምር ተስማሙ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ደረጀ ነው።

«አንተም ከወዲሁ አንድ ነገር ያዝ፤ ኋላ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንብህ» አለኝ።

እኔ ምን ያዝኩ? የእሱን ያዝኩ።

ጎብዬ ሄጄ «ደረጀ ልኮኝ ነው። ትቶታል፤ በእሱ ቦታ እኔን ያስገቡኝ» አልኩ። ጋሽ ሰይድ አልተጠራጠሩም። በእኛ አገር የጓደኛውን መልእክት ይዞ የመጣ ሰው እንደ ባለቤቱ ነው የሚታየው፤ ማን ደውሎ ያጣራል? «እሽ፣ ካለ ምን አደርጋለሁ» ብለው መፍቻ አቀበሉኝ። እንዲህ በቀላሉ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር። ያ ሰው እኔ ነበርኩ? እኔው ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘመድ ልጠይቅ ነው እያልኩ ተመላለስኩ።

ምደባው ወጣ። እኔ ቦታዬ ላይ ቀረሁ፤ ደረጀ ቦታ አጣ። ያኔስ ለምን አልተናገርኩም? ቢያንስ ያኔ ጎብዬን ልለቅለት አይገባኝም ነበር? አልለቀቅኩም። ነገ ደግሞ የእኔ ተራ ቢሆንስ አልኩ።

ከዚያ የልጁ ክርስትና ደረሰ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሕፃኑን አቅፌ ስቆም ደረጀ ጉንጬን ስሞ «እንግዲህ አበ ልጅ ሆንን» አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞተር ፈትቼ ሳለሁ ጋሽ ሰይድ እንደ ዋዛ ጀመሩ። «ያ ጓደኛህ ከክርስትናው በፊት መጥቶ ነበር። ከሥራ ወጣሁ፣ አሁኑኑ ልጀምር አለኝ። ‹ትቼዋለሁ ብለህ ይህን ልጅ ልከህብኝ የለም እንዴ?› ስለው አንገቱን ደፋ። ኋላ ‹አዎ፣ እኔ ነኝ የላክሁት› ብሎ ሄደ። ልቡ ተመልሶ ነው መሰል፤ ወላሂ አሳዘነኝ።»

ክው አልኩ። መፍቻው ከእጄ ወደቀ። አውቆ ነው ልጁን ያሳቀፈኝ? አውቆ ነው የሳመኝ? በሰው ፊት እንዳልዋረድ ብሎ ውሸቴን የራሱ አደረገው?

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነው። ደረጀ ያኔ ገና ቆቦ ነበር። አንድ ቃል ብተነፍስ ጋሽ ሰይድ በዚያው ቀን ያስጠሩት ነበር። እኔ ግን የሽማግሌውን ዓይን ፈራሁ። ጎንበስ ብዬ መፍቻውን አነሳሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። እሱ አራስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ሞጣ ሲሄድ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሜ ሸኘሁት።

ማሩኝ አልላችሁም። ፈርቼ ነው፣ ቤተሰብ ነበረኝም አልልም፤ እሱም ነበረው።

ደረጀ ዛሬም በዓል በመጣ ቁጥር ይደውላል። አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ሲጨርስ ስልኩን ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁም «የክርስትና አባቴ» ይለኛል፤ እኔም «አቤት፣ ልጄ» እላለሁ።