የጋሽ እንድሪስ ማጨጃ ግራ ጎማ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የሣር ማጨጃ ነበር። ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር በመጀመሪያው ሚኒባስ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ አዲሱን ቱታዬን ለብሼ፣ ዛሬ ፈትል ክፍል ገብቼ ትልልቆቹን ማሽኖች እፈታለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካችን የጥገና ፎርማን ጋሽ ሙሉጌታ ግን ጠረጴዛ ላይ የተገለበጠች ማጨጃ አሳዩኝና፣ «ይችን ሠርተሽ አምጪ» አሉኝ።

«እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ አትክልተኛ አይደለሁም» አልኳቸው። አፌ ያን ጊዜም አያርፍም ነበር።

«አትክልተኛውማ አለ። ውጭ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው» አሉኝና ሄዱ።

እናቴ በዚያ ሳምንት ጸሎት ቤት ቆማ፣ ጌታ ለልጄ ሥራ ሰጣት ብላ መስክራ ነበር። ማታ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ስትለኝ የሣር ማጨጃ ማለት አፈርኩና «ማሽን» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ ማሽን ነው።

ውጭ ቆመው የሚጠብቁት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። ከገጠር ወሎ መጥተው ፋብሪካው ውስጥ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው። የላላውን ብሎን አጥብቄ ምላጩን ሞርጄ ስሰጣቸው፣ «ጀሊሉ እጅሽን ይባርከው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጨጃዋ የእኔ ሆነች። ፈትል ክፍል ከገባሁ፣ ትልልቆቹንም ማሽኖች መፍታት ከለመድኩ በኋላ እንኳ እሳቸው ለሌላ ሰው አይሰጧትም። «ምሕረትን ጥሩልኝ» ነው የሚሉት።

ያች ማጨጃ ሞተር የላትም። ሰው ሲገፋት ጎማዎቿ ይዞራሉ፣ ጎማው ውስጥ ያለው ጥርስ ደግሞ ምላጮቹን ያዞራል። ስለዚህ የጎማው ላስቲክ ካለቀ እርጥብ ሣር ላይ ይንሸራተታል፣ ጎማው ካልዞረ ምላጩም አይዞርም። ሰውየው ሣሩን ሲያስተኛ ይውላል እንጂ አያጭድም። በአንድ ክረምት የደረሰብን ይኸው ነው። የቢሮው ፊት ለፊት ሣር ጉልበት ድረስ አደገ፣ ጋሽ እንድሪስ ላባቸው እስኪንጠባጠብ እየገፉ ምንም ጠብ አይልላቸውም።

ደግሞ ትጮሃለች። ጎማው በዘንጉ ላይ የሚዞርበት፣ እኛ ቦኮላ የምንለው የነሐስ ቀለበት ተበልቶ አልቆ ነበር። ሲጥ፣ ሲጥ ትላለች፤ በር ላይ ሆነህ ትሰማታለህ። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው ቢሮ መስኮቱ ወደ ሣሩ ነው። አንድ ቀን ወርክሾፕ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሽ ሙሉጌታ፣ በፈጠረዎት ይችን ነገር ዝም ያሰኙልኝ! ስልክ ማናገር አቃተኝ» አለ።

መጋዘን ውስጥ ከማሽኗ ጋር የመጡ አንድ ጥንድ ጎማዎች ነበሩ። የመጋዘናችን ደንብ አሮጌውን ሳታስረክብ አዲስ አትወስድም ነው፤ አሮጌዎቹን አውልቄ አስረከብኩ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ካለው ውዳቂ ብረት ላይ ተጣሉ። አዲስ ቦኮላ ቶርኖ ማሽን ላይ ቀርጬ አወጣሁ። ዘንጉን በናፍጣ አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ፣ ጎማዎቹን አስገብቼ፣ ዳዶውን አጠበቅሁ። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ጎማው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ወይ ኩራቴ!

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ ወሰዷት። ትንሽ ገፋ አደረጉና፣ «እንዴ፣ ዝም አለች?»

«ዝም አሰኘኋታ!»

«ቀለለችኝ። አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብለው እየገፉ ሄዱ።

ረፋዱ ላይ በሩ አካባቢ ጩኸት ሰማን። ሮጠን ስንወጣ ጥበቃው አንዲት ሴት በሁለት እጁ ይዟል። የጋሽ እንድሪስ ባለቤት እትዬ ዘሀራ ነበሩ። እትዬ ዘሀራ ፈትል ክፍል ሠርተው የወጡ ናቸው፤ ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ወስዶት ቤት ከዋሉ ቆይተዋል። የተከራዩት ቤት ከፋብሪካው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። አጥሩን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ የመኪናውን መንገድ ብቻቸውን ተሻግረው ነው በሩ ድረስ የመጡት። አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። መዳፋቸው ተፍቆ ይደማል።

«እንድሪስን አምጡልኝ! ሬሳውንም ቢሆን አምጡልኝ!» ይላሉ።

ጋሽ እንድሪስ ማጨጃዋን ሣሩ ላይ ጥለው መጡ። «ዘሀራ! ምን ሆነሽ?»

እትዬ ዘሀራ የባላቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ዳሰሱ። ግንባራቸውን፣ ጢማቸውን። «አለህ?»

«አለሁ እንጂ፣ ምን እሆናለሁ?»

«ዝም አለቻ! ማሽንህ ዝም አለቻ!» ብለው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። «ያን ቀን ፀሐይ ላይ ወድቀህ በሰው ሸክም ከመጣህልኝ ወዲህ እኮ በእሷ ድምፅ ነው የምውለው። ስትጮህ፣ አለልኝ እላለሁ። ዛሬ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ...»

ጋሽ እንድሪስ አያውቁም ነበር። እትዬ ዘሀራ ነግረዋቸው አያውቁም። «ታዲያ እንዴት አትነግሪኝም?» ሲሏቸው፣

«ብነግርህ ይኼው ልትጨነቅልኝ ነው» አሏቸው።

እኔ ቱታዬ ላይ ገና ያልደረቀ ግራሶ አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ አጠገቤ ቆመው ነበር። ወርክሾፕ ስንመለስ መጀመሪያ ያሉኝ፣ «ምሕረት፣ አሮጌው ቦኮላ የት ገባ?» ነው። ከጎማዎቹ ጋር ተጥሏል አልኳቸው። ሁለታችን ውዳቂ ብረቱ ላይ ወጥተን፣ ዝናብ የመታውን ላሜራና የተሰበረ ጥርስ እያገላበጥን ፈለግን። እሳቸው ከነሽበታቸው አቀርቅረው ሲቆፍሩ ሠራተኛው እያለፈ ይስቃል። የግራውን ጎማ ከነቦኮላው አገኘነው።

«ጎማው አዲሱ ይሁን፣ ሣሩን ይቆርጣል» አሉኝ። «ቦኮላው በግራ በኩል አሮጌው ይግባ። ግራሶ እንዳታስነኪው።»

«ዘንጉን ይበላዋል እኮ፣ አለቃ።»

«ይብላው። ሌላ ዘንግ እንሠራለን።»

ከሰዓት በኋላ ሲጥ ማለቷ ተመለሰ። ኃላፊው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «ተሠራ አላላችሁም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ሙሉጌታን ሳልጠብቅ ቢሮው ገብቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስነግረው ደግሞ አለቀስኩ። ሰውየው ሰምቶኝ ሲያበቃ ተነሥቶ መስኮቱን ራሱ ዘጋው። «እንዲሁ ትጩህ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ድምፁ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ዘንጉን በየጊዜው ቀየርኩት። ከትርፍ ብረት እያወጣሁ። የጥገና ሰው ሆኖ እንዲጮህ ተብሎ የሚጠገን ማሽን የያዘ እኔን ብቻ አውቃለሁ፤ ጓደኞቼም በዚህ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል።

ጋሽ እንድሪስም አዲስ ልማድ አወጡ። አጥሩ ጥግ በደረሱ ቁጥር ማጨጃዋን ወደፊት ወደኋላ ያደርጓታል፣ ደርሻለሁ ለማለት። ለኢድ ቤታቸው ጠርተውኝ እትዬ ዘሀራ እጄን ይዘው፣ «አንቺ ልጅ፣ ግራሶ ግራሶ እየሸተትሽ ማን ያገባሻል!» አሉኝና ሳቁ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥግ ላይ ሲደርስ እኮ እኔም ግድግዳውን መታ መታ አደርግለታለሁ። ይስማው አይስማው እንጃ» አሉኝ። ለጋሽ እንድሪስ ነገርኳቸው። ይሰማሉ ወይ ስላቸው፣ «አልሰማም፤ ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

በኋላ እትዬ ዘሀራ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለ። ደሴ ሆስፒታል ተኙ። ጋሽ እንድሪስ ፈቃድ ወስደው አብረዋቸው ከረሙ፣ ሣሩም አደገ፣ ማንም እጨዱት አላለም። ከዚያ አንድ ጠዋት ጥበቃው ወርክሾፑ በር ላይ ቆሞ፣ እትዬ ዘሀራ አረፉ አለን።

በዚያው ቀን ተቀበሩ። ጋሽ ሙሉጌታና ወንዶቹ መቃብር ሄዱ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረሁ። የተቀመጥኩት ግድግዳው ሥር ነው። ልስኑ አንድ ቦታ ላይ፣ ቁጭ ያለ ሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ፣ ተልጦ ጭቃው ይታያል። እዚያ ቦታ ላይ እጄን አድርጌ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጎረቤቶቹ ዘመድ መስዬአቸው፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል።

ጋሽ እንድሪስ ሥራ ሲመለሱ ማጨጃዋን አውጥተው ጀመሩ። ሲጥ፣ ሲጥ። ወዲያው ቆመች። እየጎተቱ ሳይሆን ተሸክመዋት ወርክሾፕ መጡ።

«ልጄ፣ አሁን ዝም አሰኚልኝ።»

ማጨጃዋን ተቀበልኳቸው። ገለበጥኳት። ዳዶውን ፈታሁ፣ ያን የተበላ ቦኮላ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ ግራሶ ቀባሁ። እሳቸው በርጩማው ላይ ቁጭ ብለው እጄን ያያሉ። ጎማውን አዙሬ አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወሰዷት።

በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ድምፅ የለም፣ ሣሩ ብቻ ይቆረጣል። አጥሩ ጥግ ሲደርሱ ቆሙ። ማጨጃዋን ወደፊት ወደኋላ አደረጓት፤ ደግመው አደረጓት። አንገታቸውን ወደ አጥሩ ዘንበል አድርገው ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ አዞሯት።

«ግቢ ምሕረት፣ ሥራ አለ» አሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቧንቧ ውሃ ቤቴ በር ላይ የሰፈሩን ዕቃ እጠግናለሁ። የሚጮህ ነገር ሲመጣልኝ፣ ከመፍታቴ በፊት ቤት ውስጥ ማን እንዳለ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ፣ ምን አገባሽ፣ ዝም አሰኚልን ብቻ ይሉኛል። ዝም አሰኝላቸዋለሁ። ግን ሳልጠይቅ አልፈታም።